የሂና ቀለም አንድ ነው

ሰላም ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄ ትንሽ የደከመ ከመሰላችሁ፣ ትናንት ሙሉ ቀን ቆሜ ስለዋልኩ ነው። የእማዬን ፀጉር ሂና ስቀባ ነበር። ጓንቱ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዶ ሳላየው ቀርቼ፣ ይኸው ጥፍሬ ብርቱካናማ ሆኗል።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። እማዬ ሽበቷን አትወደውም። እኔ "ያምርብሻል" እላታለሁ፤ እሷ "አንቺ ላይ ሲመጣ እናያለን" ትለኛለች። አንድ ቀን "ጥቁር ሂና" የሚል ትንሽ ፓኬት ገዝታ መጣች። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ አድርጎ ያጠቁራል ተብላ። "ልቀባው ወይ?" ስትለኝ ፓኬቱን እንኳ ሳላገላብጥ "ሂና ከሆነ ምን ችግር አለው?" አልኳት። ይቺን ቃሌን እስከ ዛሬ አልረሳትም። በማግሥቱ ጠዋት ግንባሯ አብጦ፣ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳዋ ውሃ ቋጥሮ አገኘኋት። ሐኪሟ ፓኬቱን አየችና በጣቷ አንድ ቃል አሳየችኝ፦ ፓራፌኒሊንዲያሚን። በአጭሩ ፒፒዲ የሚሉት ማጥቆሪያ ኬሚካል ነው። "ከእንግዲህ ይህ ያለበት ቀለም አይነካትም፤ ሰውነቷ አንዴ ከተቆጣ ሁልጊዜ ይቆጣል" አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ከምንም በፊት ይህን ልበላችሁ። ጥቁር ሂና የሚባል ተክል የለም። ሂና አንድ ናት። ቅጠሏ ውስጥ ላውሶን የሚባል ማቅለሚያ አለ፤ እሱ ደግሞ የሚሰጠው ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለውን ብቻ ነው። ፀጉራችን ከተሠራበት ኬራቲን ጋር ይያያዛል፣ በውሃ ታጥቦ አይወጣም። ጥቁር የሚፈልግ ሰው ኢንዲጎ የሚባል ሁለተኛ ተክል ያስፈልገዋል፤ መጀመሪያ ሂናው፣ ከዚያ በላዩ ኢንዲጎው። ሰዓታት ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት የሚያጠቁር "ሂና" ካያችሁ ፓኬቱን አገላብጡና አንብቡ። እባካችሁ አንብቡ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ተስፋ ቆርጣ ሻሽ ማሰር አበዛች። ያን ጊዜ ነው ቼቺ ትዝ ያለችኝ።

ሻርጃ ሳለሁ አብራኝ የምትሠራ የደቡብ ሕንድ፣ የኬረላ ሴት ነበረች። በእነሱ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ "ቼቺ" ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደዚያ ነበር የምጠራት። ሐሙስ ማታ ሥራ ስንጨርስ የኮኮናት ዘይት ትጥድ ነበር። ከአገሯ በጨርቅ ቋጥራ የምታመጣውን የደረቀ ቅጠል በውሃ ነክራ ትፈጭና ዘይቱ ውስጥ ትጨምረዋለች። እነሱ ካዮኒ ይሉታል፤ በሌላው የሕንድ ክፍል ብሪንግራጅ የሚባለው ነው። ጥቂት ፍሬ አብሽም ጣል ታደርግበታለች። አዎ፣ የእኛው አብሽ! መጀመሪያ ሳየው "ይሄማ ቤታችን አለ" ብዬ ጮህኩ።

ዘይቱ ጭስስ ጭስስ ይላል። መች እንደምታወርደው ጠየቅኳት። ጆሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ "ስሚ" አለችኝ። ድምፁ ሲጠፋ ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ ውሃ ከተረፈበት ዘይቱ ይበላሻል። እኔ ግን ይህን አውቀው ነበር! እማዬ ቅቤ ስታነጥር እንዲሁ ነው፤ ድስቱ ጸጥ ሲል ነው የምታወርደው። አንድም የጋራ ቋንቋ በወጉ ሳይኖረን፣ እዚያ ምድጃ ዳር በደንብ ተግባባን።

በግቢው አጥር ላይ ከነበረው ሂቢስከስ ከሚባለው ቀይ አበባ ደግሞ ቅጠሉን ለቅማ በውሃ ታሸዋለች። እንደ ተልባ ዝልግልግ ይላል። ታሊ ይሉታል። በሱ ነው ራሷን የምትታጠበው። ሌላ ጊዜ በሺካካይ ዱቄት። ሺካካይ ፍሬው ውስጥ ሳፖኒን ስላለው አረፋ ያወጣል፤ አያቶቻችን ነጠላ በእንዶድ ያጥቡ የነበረው እንዶድም ሳፖኒን ስላለው ነው። (እንዶድን ግን ራሳችሁ ላይ አትሞክሩት፣ አደራ።) በነገራችን ላይ "ሻምፑ" የሚለው ቃል ራሱ ከሂንዲ ነው የመጣው፤ "ቻምፖ"፣ ማሸት፣ መጫን ከሚለው። በፈረንጆቹ 1814 ሳኬ ዲን መሐመድ የተባለ ሕንዳዊ እንግሊዝ አገር ብራይተን ላይ የእንፋሎት መታጠቢያና የመታሻ ቤት ከፈተ፤ ቃሉን ያስለመደው እሱ ነው። ፀጉር መታጠብ ማለት የሆነው በኋላ ነው።

እኔ ያኔ ፀጉሬን በየሁለት ወሩ ሪላክሰር፣ ማለስለሻውን፣ የምቀባ ሰው ነበርኩ። ያቆምኩት ቼቺ "ተይው" ብላኝ አይደለም፤ አንድም ቀን አላለችኝም። በዚያ ዘይት ራሴን ስታሸኝ የተላጠውን ቦታ አገኘችውና ጣቷን እዚያ ላይ አቆመች። ምንም አልተናገረችም። በ2022 አሜሪካ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ሲወጣ የቼቺ ጣት ነው ትዝ ያለኝ። ጥናቱ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን ነው የሚናገረው። ምክንያቱ ማለስለሻው ነው ብሎ አልደመደመም፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ስለ ዱቄቶቹ እውነቱን ልንገራችሁ። አብሽም ብሪንግራጅም ፀጉሬን አላስረዘሙትም። አብሹ ያለሰልሰዋል፣ ማበጠሪያው ይገባል፣ ስለዚህ ያደገው አይሰበርም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አምላ፣ ማለትም የሕንዱ ኮምጣጣ ፍሬ ዱቄት፣ ግን ሂና ውስጥ ሳትገባ አትቅር እላለሁ፤ ሂና ብዙዎቻችንን ከርዳዳውን ትፈታብናለች፣ አምላ የፀጉሬን ጥቅል ጠብቃልኛለች። ሂና ታደርቃለችም፤ ከታጠባችሁ በኋላ ቅባት ያስፈልጋል። አምላን "ጠጪው፣ ለደም ጥሩ ነው" የሚሉኝ አሉ። ቦስተን ሱቆች ውስጥ ከተገዙ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንደተገኘባቸው በ2004 ታትሟል። ለፀጉሬ የገዛሁትን ፀጉሬ ላይ ብቻ ነው የማደርገው። ሕፃን ልጅንም ሂና አትቀቡ። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ልጆች አሉ፤ ሂና ቀይ የደም ሴላቸውን ልታፈርስ ትችላለች።

ወደ ትናንት ልመለስ። ሂናው ከሕንድ፣ ከራጃስታን፣ ሂና በማብቀል ከታወቀችው ከሶጃት የመጣ ነው። ፓኬቱ ላይ ከቅጠሉ በቀር ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። እንደዚያም ሆኖ አላመንኩትም፤ ትንሽ አቡክቼ እማዬ ክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅን። ከማበጠሪያዋ ላይ የለቀምኩትን ሽበትም ለብቻው ነክሬ አየሁት። ቅዳሜ ማታ 200 ግራም በሎሚ ጭማቂ እንደ ወፍራም እርጎ አድርጌ አቦካሁና ከድኜው አደረ። ጠዋት ላዩ ቡናማ ሆኗል፣ ውስጡ አረንጓዴ። ደርሷል ማለት ነው። ፀጉሯን አራት ቦታ ከፍዬ ከሥሩ ጀምሬ ቀባሁ። ቤቱ ዝናብ የመታው ሣር ሸተተ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሻሽ አስሬላት፣ ቡናችንን አፍልተን አራት ሰዓት ጠበቅን።

ሳጥበው ሽበቱ በሙሉ መዳብ ሆኗል። ደነገጥኩ፤ ጥቁር ነበር ቃል የገባሁላት። "አይዞሽ እማዬ፣ ኢንዲጎው ይቀራል፣ አሁን እበጠብጠዋለሁ" እያልኩ ስጣደፍ መስታወቱን ተቀበለችኝ። ዝም ብላ አየች። ረጅም ጊዜ።

"የአባቴን ጢም መሰለ" አለች።

አያቴ ሐጂ ነበሩ፤ ኮምቦልቻ፣ ጢማቸውን ሂና ይቀቡ ነበር። እኔ አልደረስኩባቸውም። እማዬ ልጅ ሳለች ሂናውን የምታቦካላቸው እሷ እንደነበረች ትናንት ነው የነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። በትንሽ የሸክላ ገበታ ነበር አለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፣ እሷ በጣቷ ትቀባለች፣ ሲያሳክካቸው ይስቃሉ።

"ኢንዲጎውስ?" አልኳት።

"እስከ ቅዳሜ ይቆይ። እህቴ ትየኝ" አለችኝ።

ስለዚህ ኢንዲጎው ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ አይቆይም፣ ቅዳሜ ትወስን። የተረፈውን ሂና ግን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ወራት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ሳይ እማዬ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋበታለች። በእስክሪብቶ፣ በዚያ በትልልቅ ፊደሏ፣ "የራስ" ብላ ጽፋበታለች።