ስድስት ወር ሊሞላ ሲል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዴት አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ አሜሪካ ታሪክ የሆነ ነገር በለን» ነበር ያሉኝ። የሆነ ነገር ማለት ሰፊ ነው። እኔ ግን ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው የማወራው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን አስጠናለሁ። ሥራችን መሸምደድ ነው። «የአገሪቱ አባት ማን ነው?» ዋሽንግተን። «ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው?» አፍሪካውያን። አንድ ቀን አንዲት እናታችን ሁለቱን ጥያቄዎች አገጣጠሙና «ታዲያ ይሄ አባት የሚሉት ሰውዬ ባሪያ ነበረው እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ነበረው» አልኳቸው። ደነገጡ። ላረጋጋቸው ብዬ «ጊዜው ነው፤ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር» አልኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ያቺ መልሴ ሳምንቱን ሙሉ ስትቆረቁረኝ ከረመች። ውሸት ነቻ።

ሁሉም እንደዚያ አልነበረም። ፔንሲልቬንያ በ1780፣ ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገው ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ጎደሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ እንኳ እስከ 28 ዓመቱ ማገልገል አለበት። ቢሆንም አንድ ጥርስ ያለው አንቀጽ ነበረው። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ባሪያውን ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ካቆየ፣ ባሪያው ነፃ መውጣት ይችላል።

በ1787 ደግሞ እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ፣ ሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ ባርነት ከተነካ አንድነቱ ውስጥ እንደማይገቡ ግልጽ አድርገው ነበር። ስለዚህ ድርድር ሆነ። የምክር ቤት ወንበር ሲከፋፈል አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ተባለ። ድምፅ የማይሰጥ ሰው ለጌታው ወንበር ይጨምርለታል ማለት ነው። ባሪያ ከውጭ ማስገባትም እስከ 1808 በአገር አቀፍ ሕግ እንዳይከለከል ተስማሙ። ያመለጠ ባሪያም ለጌታው ይመለስ ተባለ። ይህን ሁሉ ሲጽፉ ግን «ባሪያ» የሚለውን ቃል አንዴም አልጠቀሱም። «ሌሎች ሰዎች» ይላል። «ለአገልግሎት የተገደደ ሰው» ይላል። ጠበቆች ናቸውና ቃል አላጠራቸውም።

ይህች የምንኖርባት አካባቢም የዚሁ ድርድር ልጅ ነች። በ1790 የሰሜን ሰዎች የጦርነቱ ዕዳ በማዕከላዊው መንግሥት ይከፈል አሉ። የደቡብ ሰዎች ዋና ከተማው ወደኛ ይምጣ አሉ። ተስማሙ። ከተማዋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ባርነት በሚፈቀድበት ምድር እንድትሠራ ተወሰነ። እስክትሠራ ድረስ ለአሥር ዓመት ዋና ከተማው ፊላደልፊያ ይሁን ተባለ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ፊላደልፊያ ሲገባ ባሪያዎቹን ይዞ ገባ። የ1780ው ሕግ የኮንግረስ አባላትን ከስድስት ወሩ ደንብ ነፃ ያደርጋል። ስለ ፕሬዚዳንት ግን ምንም አይልም። ሕጉ ሲወጣ ፕሬዚዳንት የሚባል ነገር አልነበረማ! በ1791 የመንግሥቱ ዋና የሕግ አማካሪ ኤድመንድ ራንዶልፍ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት መጥቶ «የእኔዎቹ ባሪያዎች በዚህ ሕግ ነፃነት ጠየቁ፤ ተጠንቀቁ» አለ። ነገሩ ለዋሽንግተን ተጻፈለት። ዋሽንግተንም ለጸሐፊው ለቶባያስ ሊር መለሰ። ባሪያዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ይመለሱ፤ ሰበቡ ግን እነሱንም ሕዝቡንም የሚያታልል ይሁን አለ። ደብዳቤው ዛሬም አለ።

ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ሆነ። ስድስት ወር ሊሞላ ሲል ወይ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወይ ወንዙን አሻግሮ ወደ ኒው ጀርዚ። ጥቂት ቀን ቆይተው ይመለሳሉ። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ካላፈረበት ለምን ደበቀው?» አሉኝ። «ጊዜው ነው» ያልኳት ነገር እዚያው ሞተች። ቀን የሚቆጥር ሰው አላወቀም አይባልም።

ጣት መቀሰሩ ላይ እኛም ብዙ አንፍጠን። አገራችን ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር። «ጊዜው ነው» ስንል የተማርነው ከአሜሪካኖች አይደለም።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ልመለስ። ኦና ጀጅ ትባላለች። እናቷ ቤቲ ቨርጂኒያ ባለው የዋሽንግተን ርስት፣ ማውንት ቨርነን ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ባሪያ ነበረች። አባቷ ነጭ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ ነው። ኦና የዋሽንግተን ሚስት የማርታ የቅርብ አገልጋይ ሆነች። ታለብሳታለች፣ ትሰፋላታለች፣ ለጥየቃ ስትወጣ ትከተላታለች። በ1796 ማርታ ልትሰጣት ነው የሚለውን ወሬ ሰማች፤ ተቀባይዋ አዲስ ያገባችው የልጅ ልጅ ናት። ወደ ቨርጂኒያ ከተመለሰች ነፃነት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት።

ፊላደልፊያ ውስጥ ነፃ ጥቁር ጓደኞች ነበሯት። ዕቃዋን አስቀድማ እነሱ ጋ ላከች። ሌሎቹ ለጉዞ ሲሸክፉ እሷም ትሸክፋለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አታውቅም። ሜይ 21 ቀን ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ ወጥታ ሄደች። ስሟ በእኛ ቋንቋ ባዶ ቤት መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። በማግስቱ ማርታን ማን እንዳለበሳት እንጃ።

ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ላመጣት ሰው 10 ዶላር። እሷ ግን መርከብ ተሳፍራ ኒው ሃምፕሸር፣ ፖርትስመዝ ደርሳለች። የካፒቴኑን ስም እሱ እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገረችም፤ እንዳይቀጡት ብላ።

ፖርትስመዝ ላይ አንዲት የሴናተር ልጅ መንገድ ላይ አየቻት፤ ወሬው ፊላደልፊያ ገባ። ዋሽንግተን በ1793 ራሱ የፈረመው የባሪያ ማስመለሻ ሕግ አለው። ግን ዳኛ ፊት መቅረቡን አልፈለገም። ገንዘብ ሚኒስትሩን ኦሊቨር ዎልኮትን ላከ፤ ዎልኮት የፖርትስመዙን የጉምሩክ ሹም ጆሴፍ ዊፕልን አዘዘ። እንግዲህ አስቡት፣ የመንግሥት ጉምሩክ ሰው ፍለጋ ተሰማራ። ዋሽንግተን አንድ ፈረንሳዊ አታሏት ነው ብሎ ነበር። ከአገልጋይ ይልቅ እንደ ልጅ ነው ያሳደግናት፣ ውለታ ቢስ ነች ሲልም ወቀሳት። ዊፕል አነጋገራትና ፈረንሳዊ የሚባል እንደሌለ፣ ያስወጣት የነፃነት ጥማት ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ዋሽንግተንና ማርታ ሲሞቱ ነፃ እንደምትወጣ ቃል ከተገባላት እንደምትመለስም ነገረው። ዋሽንግተን እንዲህ ያለ ድርድር አላደርግም አለ።

በ1799 የማርታ የእህት ልጅ በርዌል ባሴት ሊያመጣት ሄደ። ሴናተር ጆን ላንግደን ቤት ሲያርፍ ዓላማውን አወራ። ላንግደን በድብቅ መልእክት ላከባት፤ ሸሸች። ያቺ መንገድ ላይ ያየቻት ልጅ አባት እሱው ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋሽንግተን ሞተ። በኑዛዜው የራሱን 123 ባሪያዎች ነፃ አውጥቷል። ይህን ልንክድበት አይገባም። ከቀሩት ውስጥ 153ቱ ግን የማርታ የቀድሞ ባል ቤተሰብ ንብረት ስለነበሩ ሊነካቸው አይችልም ነበር። ኦናም ከእነሱ ወገን ነች። ነፃ መርከበኛ አግብታ የወለደቻቸው ሦስት ልጆችም በሕግ የዚያ ቤተሰብ ንብረት ነበሩ፤ ልጅ የእናቱን ዕጣ ነውና የሚወርሰው።

ኑሮዋ አልሞላላትም። ባሏ ቀድሟት ሞተ፤ ሴት ልጆቿንም ቀበረች። በእርጅናዋ አንድ ጋዜጣ አገኛትና ያን ቤት ትተሽ እዚህ በድካም መኖርሽ አይቆጭሽም ወይ አላት። አይቆጨኝም፣ ነፃ ነኝ አለች። በ1848 ስትሞት በሕግ ዓይን አሁንም ያመለጠች ባሪያ ነበረች።

እማማ ፈተናውን አልፈዋል፤ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው። የሚመጣው ቅዳሜ ማውንት ቨርነን ልወስዳቸው ነው፤ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የዋሽንግተንን መቃብር አላይም ብለውኛል። ከእሱ ጥቂት እልፍ ብሎ የባሪያዎቹ መቃብር አለ፤ በየመቃብሩ ላይ ስም የለም፤ እሱን አሳየኝ ነው ያሉት። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ መሄድ የሚፈልግ ሻይ ላይ ያግኘኝ። አመሰግናለሁ።