ደከመኝ ማለት ሠራሁ ማለት አይደለም

በአንድ የጤና ስፖርት ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ተመራጮች፣ በዚህ ብርድ ማልዳችሁ የተገኛችሁ ወጣት አሰልጣኞቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

ኮሚቴው ለዛሬው ስብሰባ ንግግር እንዳዘጋጅ ሲያዘኝ የሰጠኝ ርእስ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለጤና ያለው ጥቅም» የሚል ነበር። ርእሱን አከብራለሁ። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ከሞቀ አልጋው ተነሥቶ ሜዳ ለሚወርድ ሰው ስፖርት ይጠቅማል ብሎ መስበክ ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል። ስለዚህ በኮሚቴው ፈቃድ፣ ኮሚቴው ካልፈቀደም ዕድሜዬን ከለላ አድርጌ፣ ከቆየ ቅሬታዬ ጋር ወደተያያዘ አንድ ጥያቄ እሄዳለሁ። ልምምዱ አልቆ ቱታችንን ስንደርብ «የዛሬው ጥሩ ነበር» ወይም «የዛሬው አይረባም» ብለን የምንፈርደው በምን መለኪያ ነው?

መለኪያችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሰልጣኙን ማመስገን ስንፈልግ «ዛሬ ገደለን» እንላለን። መውቀስ ስንፈልግ ደግሞ «ዛሬ እኮ ላብም አልወጣን» እንላለን። ሰኞ ዕለት ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ የሚደገፍ ሰው በቢሮው ውስጥ እንደ ጀግና ይታያል፤ ማክሰኞ ምንም ያላመመው ሰው ግን ብሩን በከንቱ የከፈለ ይመስለዋል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩና ይህን አነጋገር ከተማሪም ከባልደረባም ስሰማ ኖሬአለሁ። የሒሳብ መምህር የነበረ ባልደረባዬ ተማሪ ሁሉ የወደቀበትን ፈተና ይዞ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቶ «እንዴት አድርጌ እንዳስተማርኳቸው ይዩልኝ» ቢል ኖሮ ምን ይባል እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በእኛ ሜዳ ግን ይኸው ሰው ይጨበጨብለታል።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ወደ ማኅበራችን የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ግን ታስታውሷቸዋላችሁ። ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው በሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብለው እንዲራመዱ ነግሯቸዋል፤ ብቻቸውን መራመዱ ስለከበዳቸው ነው ከሰው ጋር ልሁን ብለው ወደ እኛ የመጡት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ አዲስ ሸራ ጫማ ተጫምተው፣ የመመዝገቢያውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥረው ይዘው ነበር። የዚያን ዕለት ፕሮግራም ደረጃ መውጣትና መውረድ ነበረ፤ ከዚያም ቁጢጥ ብሎ መነሣት፤ ከዚያም እንደገና ደረጃ። በአራተኛው ዙር ላይ ብረቱን ይዘው ቆሙ። አሰልጣኙ ከታች ሆኖ «እማማ፣ ይበርቱ፣ ላቡ ይውጣ!» እያለ ጮኸ፤ ሰውም አጨበጨበ። ጭብጨባ ደግሞ ይሉኝታ ላለበት ሰው ከዱላ የከፋ ነው። ስለዚህ ጨረሱት፤ የጨረሱትም ከእኛ ቡድን ወጣቶች ከግማሾቹ ቀድመው ነው።

በሦስተኛው ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው መውረድ አቃታቸው። የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ የኋሊት እየረገጡ ወረዱ፤ ሥራም አረፈዱ። ይህንን በቡድናችን ቴሌግራም ላይ በትሕትና ጻፉ፤ ምክር ነበር የፈለጉት። ምን ተብሎ ተመለሰላቸው? «ሥራ ሠርቷል ማለት ነው!» «እንኳን ደስ አለዎት!» የሚስቁ ፊቶች በሰልፍ ተደረደሩ። አንድ የተማረ ወንድማችን ደግሞ «ላክቲክ አሲድ ነው፣ እሑድ ሲደግሙት ይለቅዎታል» አላቸው። እሑድ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። ከወራት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸውና ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ የእናንተ ስፖርት ለጎረምሳ ነው፤ እኔ የታመምኩት ይበቃኛል» አሉኝ።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ልምምድ እንፍረድበት። በእኛ መለኪያ ከአሥር አሥር ያገኛል፤ ላብ አለ፣ ቁና ቁና መተንፈስ አለ፣ የሦስት ቀን ሕመም አለ። ነገር ግን ሴትዮዋ የመጡት ለምን ነበር? ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ስኳርን ከደም ውስጥ ወስዶ ያቃጥላል፤ ከሥራው በኋላም ሰውነት ስኳርን ከደም ለሚያስወጣው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይሻሻላል። ይህ መሻሻል ግን የሚቆየው ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስኳር ላለበት ሰው ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀስ አይክረም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለእርሳቸው ጥሩ ልምምድ ማለት ከነገ ወዲያ የሚደገም ልምምድ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ያ ደረጃ የሚቀጥለውን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ዓመታት ወሰደባቸው። እኛ ግን አጨበጨብን!

ስለ ሕመሙም እውነቱ ይነገር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚያመን፣ ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ አይደለም፤ እርሱ ልምምዱ ባለቀ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከጡንቻ ጠርቶ ያልቃል። ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ ያልለመደውን ሸክም፣ በተለይም እየተለጠጠ የሚሸከመውን ሸክም ሲገጥመው በውስጡ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ቁልቁለት መውረድ ከዳገት መውጣት ይልቅ ጭን የሚያሳምመው ለዚህ ነው፤ እንጦጦን ወጥቶ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ያንኑ ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት ብንደግመው ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ ሰውነት ለምዷልና። ሕመም የጥቅም ምስክር ቢሆን ኖሮ ለዓመታት ሳያቋርጡ የመጡት፣ ምንም የማያማቸው ነባር አባሎቻችን በከንቱ ደከሙ ልንል ነው። ማን ደፍሮ ይህን ይላቸዋል? ደግሞም ሁሉም ሕመም የሚሳቅበት አይደለም፤ ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻው አብጦ ሽንቱ የጥቁር ሻይ መልክ የያዘ ሰው ለቴሌግራም ሳይሆን ለሐኪም ነው መንገር ያለበት፤ ያውም በዚያው ቀን፣ የጡንቻው ስብርባሪ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላልና።

ወደ ላብ ልምጣ። ላብ ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበት ውኃ ነው። ድሬዳዋ ላይ በሰኔ ወር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው እዚህ በኅዳር ማለዳ ከሚሮጠው ሰው የበለጠ ሊያልበው ይችላል፤ ሜዳልያ እናጥልቅለት? ከቱታቸው ሥር ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ ወንድሞች አሉን። ልምምዱ እንዳለቀ በር ላይ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄደው ይመዘናሉ፤ አንድ ኪሎ ቀንሰው ይገኛሉ፤ ደስ ብሏቸው ይከፍሉታል። ከዚያ ከጎኑ ካለው ሱቅ አንድ ሊትር ውኃ ገዝተው እዚያው ይጨልጡታል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ውኃውን ጠጥቶ ወደ ሚዛኑ የተመለሰ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስብ በላብ አይወጣም፤ ላስቲኩ የሚያተርፍልን የሰውነት ሙቀትና የራስ ምታት ብቻ ነው።

«ሳይደክሙ ውጤት የለም» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል። ለዚህ የምጠራው ምስክር ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ በጊዜው ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። አበበ በዚያ መካከል ምን ያደርግ ነበር? ስታዲየሙ ውስጥ ሣሩ ላይ ጋደም እያለ፣ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። በእኛ መለኪያ ቢመዘን አልወደቀም፣ አላስመለሰውም፣ በቃሬዛ አልወጣም፤ «ገና ጉልበት ቀርቶሃል፣ አልሠራህም» ብለን በመለስነው ነበር! ያ ውድድር እንጂ ልምምድ አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ በውድድር ቀን እንኳ መውደቅ የሥራ ማረጋገጫ ካልሆነ በልምምድ ቀን ከየት መጥቶ ይሆናል?

ዛሬም ቢሆን ማልዳችሁ ወደ እንጦጦ ጫካ ወይም ወደ ሱሉልታ ሜዳ ብትሄዱ በዓለም አደባባይ ባንዲራችንን የሚያውለበልቡት ልጆች በቀላል ልምምድ ቀናቸው ተራ ይዘው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ እኛ እንኳ ልንከተላቸው በምንችለው ሶምሶማ ሲሮጡ ታገኟቸዋላችሁ። አያፍሩበትም። ቀላሉ ቀን ቀላል ካልሆነ ከባዱ ቀን ከባድ ሊሆን እንደማይችል፣ ኮንዲሽን የሚገባውም በከባዱ ቀን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ዕረፍትና ቀላል ቀን መሆኑን ያውቃሉ። የሚያፍረው የእኛ ሰው ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ፣ በሁለቱም ቀን ካልሞትኩ የሚል።

ታዲያ በምን እንመዝን? በመጀመሪያ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ዓላማው ይነገር፤ «ዛሬ የምንሠራው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ያልተባለ ልምምድ ካለቀ በኋላ ሊመዘን አይችልም፤ የሚመዘንበት ነገር የለምና። ዓላማው መጠነኛ እንቅስቃሴ ከሆነ መሣሪያ አያስፈልገንም። እየሄድን ከጎናችን ያለውን ሰው እንደ ወጋችን፣ እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ልጆቹስ፣ ሥራውስ እያልን ሰላምታውን ከነሙሉነቱ መጨረስ ከቻልን፣ ዘፈን ግን መዝፈን ካቃተን፣ ልኩ ላይ ነን። «እንዴት አደሩ» ብለን ትንፋሽ ካጠረን ወደ ከባዱ ተሻግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀድሞ የነበረው «ከአሥር ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም» የሚለው አነጋገርም በዚሁ መመሪያ ቀርቷል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድም ይቆጠራል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ማንም ባያጨበጭብለት።

አሰልጣኞቻችን ቁጥር ከፈለጉ ደግሞ ካርል ፎስተር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያስለመዱት ቀላል መንገድ አለ፤ ልምምዱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰውየውን «ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል ከበደህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በደቂቃው ማባዛት። ለ60 ደቂቃ 4 ያለ ሰውና ለ30 ደቂቃ 8 ያለ ሰው ሁለቱም 240 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር የሚነግረን ሸክሙን ነው፤ መጥቀሙን አይነግረንም። ጥቅሙን የሚነግሩን በማግሥቱ እንቅልፋችንና የምግብ ፍላጎታችን፣ ከሳምንታት በኋላም ያንኑ ዳገት ስንወጣ ትንፋሻችን፣ ሐኪም ቤት ስንለካ የደም ግፊታችንና ስኳራችን ናቸው።

እንቅስቃሴያችንን ስለሚቆጥሩት የእጅ ሰዓቶች ብዙ አልልም። የሚያሳዩት ካሎሪ ግምት ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ የፍጥነት ፕሮግራም ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ለምናገኝ ሰዎች እንደ ወረደ አይሠራም። ወጣቶቻችን ለታላቁ ሩጫ ሲዘጋጁ ከባድ ቀን ያስፈልጋቸዋል፤ አልቃወምም፤ ሰሌዳው ላይ ቀኑ ተለይቶ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዛሬው አጀንዳ ልግባና ላብቃ። በሦስተኛ ተራ ቁጥር ላይ «በዓመቱ ከፍተኛውን ካሎሪ ላቃጠለ አባል ዋንጫ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ሰፍሯል። እቃወማለሁ፤ ድምፅ ሲሰጥም እጄን ለተቃውሞ አነሣለሁ። በምትኩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዋንጫው ይቅርና በገንዘቡ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ፤ አዲስ የሚመጣ አባል የመጀመሪያውን አንድ ወር ከተራማጆቹ ቡድን ጋር ብቻ ይሥራ፤ አሰልጣኞችም ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ዓላማውን ጮክ ብለው ይናገሩ። በተጨማሪም ኮሚቴው ከመዝገቡ ላይ አንድ ሁለት ቀን ብቻ መጥተው የቀሩትን ሰዎች ስልክ አውጥቶ ለምን እንደቀሩ ይጠይቅ፤ የሰጡትንም መልስ ሳይቀንስ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንብብልን። ሰብሳቢው ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ድምፅ እንዲያሰጡበት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።