በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

የደብረ ብርሃን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ተረቱ እንዳለ ሲደርስ ያየሁት ግን በሥራ ቦታዬ ሳይሆን በገዛ አክስቴ ላይ ነው።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናቸው። እንቅርታቸው ሲመረመር የታይሮይድ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። (አትደንግጡ፤ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም።) ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚያ ጨረር ያለውን አዮዲን ዋጡ። በወሩ ከደብረ ሲና ቆሎ ይዤላቸው ሄድኩ። አንድ ጭብጥ ቃም አድርገው ማኘክ ሲጀምሩ፣ ከጆሯቸው ፊት ያለው ጉንጫቸው ዓይኔ እያየ አበጠ። ቆሎውም አልወርድ አላቸው። ጎረቤት «ጆሮ ደግፍ ነው፤ ልጆቹን አርቁ» አለ። አልነበረም። ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው፤ የአክስቴ እብጠት ማንንም አይዝም።

አዮዲንን ከደም የሚስበው ታይሮይድ ብቻ አይደለም፤ የምራቅ ዕጢዎችም ይስባሉ። ለካንሰሩ የተላከው ጨረር ያለው አዮዲን (አዮዲን 131 ይባላል) እነሱም ዘንድ ይገባል፤ በተለይ ከጆሮ ፊት ያለውን ዕጢ ይጎዳል። የምራቁ ቱቦ ይጠባል፤ ምራቁም ይወፍራል። ስንበላ ምራቅ ይመነጫል፣ መውጫ ያጣል፣ ያብጣል። አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ ያየዋል። አፍ ይደርቃል፣ ጣዕም ይለወጣል፣ ውሎ አድሮም ጥርስ ይበላሻል።

መጠኑ ሲበዛ ጉዳቱም ይበዛል፤ 30 ሚሊኪዩሪ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የወሰደና 150 የወሰደ እኩል አይደሉም። ስለዚህ «ለእኔ ያስፈልገኛል ወይ? ስንት?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለውም። አክስቴ አልጠየቁም፤ አስቀድሞ የነገራቸውም የለም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሕክምናውን ግን ይህን ፈርታችሁ እንዳትተዉት፤ አደራ።

ይህን አዮዲን ስትወስዱ ውሃ ጠጡ። በዚህ ብርዳችን ውሃ የሚያምረው ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ለብ አድርጋችሁም ቢሆን ጠጡ። ዕጢውን ከጆሮ ወደ አፍ በቀስታ ማሸትም ይረዳል። ምራቅ እንዲያመነጭ ተብሎ የሚመጠጠው ሎሚስ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹም አልተስማሙም። በ2005 እ.ኤ.አ. ከጃፓን የወጣ ጥናት የሎሚ ከረሜላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ጉዳቱ እንደሚብስ አሳየ፤ ሌሎች ደግሞ ሌላ አገኙ። መቼ እንደምትጀምሩ የሚያክማችሁን ሐኪም ጠይቁ።

አክስቴ ዛሬ ቆሎውን ለልጅ ልጆቻቸው ያድላሉ፤ እሳቸው በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ። ውሃው በሩ አጠገብ ነው፤ እየቀዳችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ።