«ሥራዬን ነው የሠራሁት» ማለት ከወንጀል አያድንም
(በሐዋሳ ለአዲስ የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አዲስ ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ?

ጉቦ ነውር መሆኑን ከየቤታችሁ ይዛችሁት መጥታችኋል፤ እኔ አልሰብክም። የማነሣው ችሎት ላይ ደጋግሜ የሰማሁትን መከላከያ ነው፦ «ሕግ አልጣስሁም፤ የሚገባውን ነው የሠራሁለት፤ እሱም ወዶ ሰጠኝ»።

አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ቤት ካርታ ወደ ስማቸው ሊያዞሩ ከቱላ በሚኒባስ መጡ እንበል። የወራሽነት ማስረጃው፣ የግብር ደረሰኙ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ፋይሉ ግን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» ሲባሉ ይሰነብቱና በር ላይ የቆመ ደላላ ጠጋ ብሎ የስልክ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ የሠራተኛው አይደለም፤ የወንድሙ ነው። ጠዋት በቴሌብር ይልካሉ፣ ከሰዓት ካርታው ተፈርሞ ይወጣል።

ካርታውማ ይገባቸው ነበር። ታዲያ ወንጀሉ የቱ ላይ ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆነ በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ይህን ማምለጫ ዘግተውታል። ግዴታን ለመጣስ የሚወሰደው ጉቦ ያስቀጣል፤ ተገቢውን ሥራ ለመሥራት የማይገባ ጥቅም መቀበልም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የምትፈርሙበት ሥልጣን የሕዝብ ነው፤ ለፊርማውም ደመወዝ ተቆርጦለታል። የማትሸጡትን ነገር ሸጣችሁ «ገዢው ፈቅዶ ነው» ማለት አያዋጣም። የተበደሉትም እኚያ እናት ብቻ አይደሉም፤ መክፈል አቅቷቸው ወረፋ ላይ የቀሩት ሁሉ ናቸው።

የወንድም ስልክም አያድንም፤ ሕጉ በተዘዋዋሪ የተወሰደውንም ይጨምራል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ወንጀል ለመሆን ብሩ እጅ መግባቱ የግድ አለመሆኑን ነው። መጠየቅ ወይም የተስፋ ቃል መቀበል ብቻውን ወንጀሉን ይፈጽመዋል። «እኛንም አስቡን እንጂ» ብሎ ፈገግ ማለት ቀልድ ይመስላል፤ በምስክር ቃል ተጽፎ ሲነበብ ግን ማንንም አያስቅም። ለፋሲካ ዋዜማ ጉዳዩ በእጃችሁ ካለ ተቋራጭ ቤት የሚላክላችሁን ሙክትም በዚሁ ዓይን እዩት።

እንዲህ ያለውን ነገር አለቃችሁ ቢያዛችሁስ? ለሚጠቁም ሰው የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ከ2003 ጀምሮ አለ። ጥበቃው በተግባር ሁልጊዜ የተሟላ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ስለዚህ የተባላችሁትን፣ ቀኑንና የፋይሉን ቁጥር በዕለቱ ጻፉ፤ የዘገየ ማስታወሻ መስቀለኛ ጥያቄ አይችልም።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።