የአያቴ ቅዳሜ

(ምስል፦ ጓዳ ጥግ የተደፋ ሙቀጫ)

አያቴ ቤት ሙቀጫው ቅዳሜ ቅዳሜ ተደፍቶ ይውላል። ቡና የሚወቀጠው አርብ ማታ ነው። ልጅ ሆኜ «ሰንበት እሁድ አይደል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ቀዳሚትም ሰንበት ናት። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ አይጠየቅም!» አለችኝ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ኋላ ሳነብ ግን ገረመኝ። ይሄ «አይጠየቅም» የተባለው ነገር አባቶቻችንን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ጥያቄ ነው።

(ምስል፦ የድሮ ካርታ፣ ከሰራዬ (በዛሬዋ ኤርትራ) እስከ አርመን)

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ መነኩሴ ቅዳሜም እንደ እሁድ ይከበር አሉ። የእስክንድርያ መንበር ይህን አይቀበልም ነበር፤ ጳጳስ የሚመጣልን ደግሞ ያኔ ከዚያው ነበር። መነኩሴው አገር ጥለው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1352 አርመን ውስጥ አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከለከሉ፤ ዳር አገር ገዳም እየመሠረቱ ጸኑ። በ1404 አፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በመጨረሻ በ1450 አፄ ዘርአ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠሩና ሁለቱም ሰንበት ይከበር ተባለ።

የአያቴን ሙቀጫ የደፋው ያ ጉባኤ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ጠያቂ እንዲህ አልቀናውም። እኚሁ ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም ቢሏቸው አስገርፈዋል፤ አስገድለዋል።

(ምስል፦ የአብነት ተማሪዎች፣ በመምህራቸው ዙሪያ)

እኔ የወረስነው ይጠየቅ ባይ ነኝ። ብዙ ሰው የሚፈራው የጠየቀ ሁሉ ይክዳል ብሎ ነው። እነ ኤዎስጣቴዎስ ግን ጠይቀው አንድ ሰንበት ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም! የመጽሐፍ መምህራንም ቢሆኑ አንዷን ጥቅስ ይዘው «አንድም፣ አንድም» እያሉ ስንት ፍቺ ያወርዱላታል። «አይጠየቅም» የሚለው ቃል ከጉባኤ ቤት ይልቅ ጓዳ ውስጥ ነው የበረታው። ምናልባት እናቶቻችን የሚመልሱት ሲያጡ የሚሉት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሰሞን ለአያቴ አወራሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ እነሱ ጠይቀው ከጨረሱት አንተ ምን ቀረህ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሙቀጫውን አቃንቼ ቡናውን ወቀጥኩላት።