ድቡን ስትፈሩ ከሰሉን ድንኳን ውስጥ አታስገቡት

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ በመኪናና በድንኳን ወደ አሜሪካ ምዕራብ ብሔራዊ ፓርኮች መጓዝ ለሚያስቡ ነው። መልሱን የሚሰጡት ከባለቤታቸው ጋር በነዚህ ፓርኮች ለዓመታት ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ አስጎብኚ ናቸው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ዓመት ሆነን። ኦገስት መጀመሪያ ላይ የዘጠኝ ቀን ፈቃድ አለን። ላስ ቬጋስ ገብተን መኪና ተከራይተን ዛየንን፣ ብራይስ ካንየንን፣ ግራንድ ካንየንን፣ የሎውስቶንንና ዮሰሚቲን ልናይ አስበናል። እሷ ይበዛል ትላለች፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከወጣን አይቀር ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ቤታችሁ ጠብ ላስገባ አልፈልግም፤ ግን እሷ ናት ልክ። ካርታ ላይ ሁሉም የአንድ ጣት ርቀት ይመስላል። ከዛየን የሎውስቶን ግን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ከሚወስደው መንገድ ይረዝማል። ከየሎውስቶን ዮሰሚቲ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በዚህ ዕቅድ የምታዩት አስፋልትና ነዳጅ ማደያ ነው።

የእኔ ምክር ከቬጋስ ዛየን፣ ከዛየን ብራይስ፣ ከብራይስ ግራንድ ካንየን፣ ከዚያ ተመልሶ ቬጋስ ነው። ዛየን ሦስት ሌሊት፣ ብራይስ ሁለት፣ ግራንድ ካንየን ሦስት። ከቬጋስ ዛየን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዛየን ብራይስ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ረጅሙ ከብራይስ ግራንድ ካንየን ያለው የአምስት ሰዓት ጉዞ ነው።

ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ቆላና ደጋን አስቡ። የዛየን ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ኦገስት ላይ ቀኑ 38 ዲግሪ ይደርሳል። ብራይስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያው ወር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰው ቬጋስ ላይ በቁምጣ ይነሳና ብራይስ ላይ ጋቢ ይናፍቃል። (ዛየን የኛው ጽዮን ነው፤ ስሙን ያወጡት የሞርሞን ሰፋሪዎች ናቸው። ፍልሰታ ላይ ጽዮን ገባን ብላችሁ ቤተሰብ ታስገርማላችሁ።)

ዛየን ላይ ሁለት ነገር እወቁ። በበጋቸው ወራት ወደ ዋናው ሸለቆ በግል መኪና አይገባም፤ የፓርኩ አውቶቡስ ነው የሚያመላልሰው። ኤንጅልስ ላንዲንግ የሚባለውን ገደል ለመውጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ናሮውስ የሚባለውን ጠባብ የወንዝ ሸለቆ ተጠንቀቁ። ሰዉ ውሃ ውስጥ እየተራመደ ነው የሚሄድበት፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ጁላይና ኦገስት የከሰዓት ነጎድጓድ ወቅት ነው። ከራሳችሁ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከሩቅ የዘነበው ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ያደረገውን የሚያስታውስ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጠዋት የፓርኩን የጎርፍ ትንበያ ሳታዩ እንዳትገቡ። ውሃው ሲደፈርስና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ካያችሁ ዕቃ ሳትሰበስቡ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ።

የድንኳን ቦታ እስካሁን ካልያዛችሁ ዘግይታችኋል፤ ታዋቂዎቹ ከስድስት ወር በፊት ነው የሚያዙት። ተስፋ ግን አትቁረጡ። ሰው በመጨረሻው ሳምንት ይሰርዛል፤ እኛም አንዱን ምርጥ ቦታ ያገኘነው እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ስንነካካ ነው። ሌላው አማራጭ ከፓርኮቹ ውጭ ያለው የመንግሥት መሬት ነው። ብዙው ላይ እስከ 14 ቀን በነጻ ማደር ይቻላል፤ ሽንት ቤትም ውሃም ግን የለም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ጭናችሁ ግቡ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የሎውስቶን ልንሄድ ነው። ባለቤቴ ድብ እየፈራ እንቅልፍ አጣ። እኔ ደግሞ ቅቤ፣ በርበሬና ቡና ሳልይዝ አልሄድም። ቡና ብንቆላ፣ ዕጣን ብናጨስ ድብ ይመጣብናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ የሎውስቶን ውስጥ ከየትኛውም እንስሳ ይልቅ ሰው የሚጎዳው ጎሹ ነው፤ ባይሰን የሚሉት። በሬ መስሏቸው ፎቶ ሊነሱ ይጠጋሉ። ሕጉ ከጎሽ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር ራቁ ይላል።

ቢሆንም ድብ አፍንጫው ጉድ ነው። ቅቤሽ፣ በርበሬሽ፣ የጥርስ ሳሙናው፣ የፊት ቅባቱ፣ ያልታጠበው ድስት፣ ዕጣኑም ጭምር ድንኳን ውስጥ አይደር። የሎውስቶን ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም ካምፑ ያዘጋጀው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ዮሰሚቲ ከሄድሽ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ማታ ምግብ መኪና ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው፤ ድቦቹ በር መገንጠል ለምደዋል። ድብ ማባረሪያ የሚረጨውን ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ እዚያው ግዢ። ዮሰሚቲ ደግሞ ይዞ መግባቱም አይፈቀድም።

ቡናውን በጋዝ ምድጃ ቁዪ፤ ስትጨርሺ አካባቢውን አጽጂ። ከሰል ግን የእሳት እገዳ በወጣበት ሰሞን ይከለከላል፤ በበጋ እገዳው አይጠፋም። ዕጣኑን ቤት ተዪው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ባለቤቴ ብርድ አትችልም። ምግብ ከሠራንበት የቀረችውን ረመጥ በማንደጃ አድርገን ድንኳን ውስጥ ብናስገባትስ? ጭስ የላትም።

መልስ፦ በፍጹም! ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጭስ የላትም ያሉት ነገር ነው ሰው የሚገድለው። ከረመጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ሰውዬው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፤ አይነቃም። በሀገራችን በብርድ ጊዜ ከሰል አፍኗቸው አደሩ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም፤ ድንኳን ደግሞ ከቤትም ይጠባል። የጋዝ ምድጃም ያው ነው፤ ለማሞቂያ አይገባም።

ብርዱ የሚመጣው ከላይ አይደለም፤ መሬቱ ነው ሙቀት የሚስበው። ወፍራም ብርድ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥር የሚነጠፈው ጥሩ ይሁን። ቀን ያላበባትን ልብስ፣ ካልሲውንም ጭምር፣ ከመተኛቷ በፊት ትቀይር። ፈላ ያለ ውሃ በደንብ በሚከደን የብረት ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግሯ ሥር አድርጉላት። እኔ ቤት ይህ ሥራ የእኔ ነው፤ ስረሳ ሌሊት እቀሰቀሳለሁ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ዴዝ ቫሊ ቅርባችን ነው። ኦገስት ላይ ድንኳን ይዘን ብናድርስ?

መልስ፦ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1913 እዚያ 56.7 ዲግሪ ተመዝግቧል። ዳሎልን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊቱም አያሳርፍም። ከኖቬምበር እስከ ማርች ሂዱ፤ ያኔ ደስ ይላል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ 67 ዓመት የሆናቸው እናቴ አብረውን ይሄዳሉ፤ ግሪን ካርድ አላቸው። መግቢያው ብዙ ነው?

መልስ፦ እናትዎ ናቸው የሚያስገቧችሁ። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ መግቢያ ያገኛል። መግቢያው በመኪና በሚከፈልበት ፓርክ አብሯቸው በመኪናው ያለው ሁሉ በእሳቸው ይገባል፤ በብዙ ቦታ የድንኳን ኪራዩም በግማሽ ይቀንሳል። እሳቸው ግን መኪናው ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ካርዱን ብቻ ይዞ መሄድ አይሠራም። ለሌላው ነዋሪ የዓመቱ መግቢያ ያው 80 ዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 ወዲህ ከውጭ አገር ለሚመጣ ጎብኚ 250 ሆኗል።

ጥያቄ (የዳላሱ አድማጭ ባለቤት መልሰው ደውለው)፦ ልክ ነሽ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ግን ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ነው፤ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። በየመንገዱ ምን እንበላለን?

መልስ፦ እንዲያውም ጾመኛ ለድንኳን የተፈጠረ ነው። በረዶ ሣጥን ተሸክሞ ሥጋ ሊበላሽ ነው ብሎ የሚጨነቀው ሌላው ነው። ምጥን ሽሮ ያዙ፤ ውሃና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው። እንጀራው በሙቀት ሦስት ቀን አይቆይም፤ ስለዚህ ድርቆሽ አድርጋችሁ ያዙና ማታ ፍርፍር ሥሩ። በሶና ቆሎ ለእግር መንገድ ነው፤ እዚህ በሚሸጡት የታሸጉ ብስኩቶች አልለውጠውም። ምስር ከያዛችሁ ብራይስ ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ፤ ከፍታው እንደ አዲስ አበባ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ዳላስ ከለመዳችሁት ይዘገያል። ጀበና ልትይዙ ካሰባችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫው ሥር አድርጉት፤ የእኛ ከብራይስ ስንመለስ አንገቱ ተሰብሮ አሁን እርሳስ ማስቀመጫ ሆኗል።