አስታማሚዋን ማን ይጠይቃት?

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ይህን ስል ምን አልፋችሁ እንደመጣችሁ እያሰብኩ ነው። ብዙዎቻችሁ ከንጋቱ በፊት ተነስታችሁ፣ ሕመምተኛችሁን አጥባችሁና አብልታችሁ፣ መድኃኒቱን ሰጥታችሁ፣ ከዚያም «ለግማሽ ቀን ብቻ» ብላችሁ ጎረቤት ለምናችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። የሚተካቸው ሰው አጥተው የቀሩም አሉ። ዛሬ የምናገረው በእነሱም ስም ነው።

እናቴን ስትሮክ የመታት ጠዋት ቡና እየቆላች ሳለ ነው። ብረት ምጣዱ ከእጇ ወደቀ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ንግግሯ ተኮላተፈ። «ምች ነው» አልንና ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት። ሐኪም ቤት የወሰድናት ከሰዓት በኋላ ነው። የአንጎልን የደም ሥር የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ እሱም በአገራችን እንደልብ የማይገኘው፣ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነበር። ያ ጠዋት እስከዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ነው። እንዴት እንደማበላት ማንም አላሳየኝም። ስትሮክ ጉሮሮንም ያደክማል፤ በደንብ መዋጥ መቻሏ ሳይታይ የተሰጣት አጥሚት ወይም ጭማቂ ወደ ሳንባ ሄዶ የሳንባ ምች ሊያመጣባት ይችላል። ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ ነው። በደከመው እጇ ጎትቶ ማንሳት ትከሻዋን ሊያወልቀው እንደሚችልም አላወቅሁም ነበር። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው። ወንድሞቼ ከውጭ አገር ብር ይልካሉ፣ በየእሁዱ ይደውላሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምታገላብጣት ግን እኔ ነበርኩ። ትምህርቷን ወይም ሥራዋን ትታ የምትቀመጠው በአብዛኛው ሴት ልጅ እንደሆነች እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን።

ስለ ጠያቂ አንድ ነገር ልበል። ወጋችን ደግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን ሙዝና ብርቱካን በያዘ ሰው ተጨናነቀ። ለዚያ ሁሉ ጠያቂ ቡና የማፈላው፣ ሲኒ የማጥበው ግን ያው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ወር ጠያቂው ቀረ፣ ድካሙ ግን ገና መጀመሩ ነበር። አካል ይበልጥ የሚመለስባቸው እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆኑ ፊዚዮቴራፒው ሊቋረጥ አይገባም። እኛ ግን የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሰፈራችን ሁለት ወጣቶች እናቴን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው በሳምንት ሦስት ቀን ያወርዷት፣ መልሰው ያወጧት ነበር። አንድም ቀን ሙዝ ይዘው አልመጡም። እናቴ ዛሬ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው የመራመጃ ድጋፍ፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ የምትሄደው በእነሱ ትከሻ ነው።

አሁን ወደ ዕድራችን ልምጣ። ዕድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ከአባሎቻችን አንዷ ባሏን እያስታመመች ለቀብር ባለመውጣቷ በዕድሯ ተቀጥታለች። ቅጣቱን ከፍላለች፤ ማንም ግን «ለምን ቀረሽ?» ብሎ በሯን አላንኳኳም። ሕጋችንም ወደዚያው ያዘነብላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል። ለብርቱ ችግር የሚፈቅደው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ሲሆን፣ እሱም ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። እናቱን ሲቀብር ደመወዝ አለው፤ ሲያስታምም የለውም።

አዋጅ ማስቀየር ጊዜ ይወስዳል፣ ጥያቄውን ግን ማቅረብ አናቆምም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ኮሚቴያችን ዛሬ ለውይይት የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ እያንዳንዳችን ለየዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምንወስደው ነው፦ አስታማሚ ከለቅሶ ቅጣት ነፃ ይሁን፤ ዕቃ ቤቱ ከድንኳኑ ጎን ዊልቸር፣ ዎከርና የመጸዳጃ ወንበር ያስቀምጥ፤ ሊጠይቅ የሚመጣም ሰው የሁለት ሰዓት ጊዜ ይዞ ይምጣ። እሱ ከሕመምተኛው ጋር ይቀመጥ፣ አስታማሚዋ ትተኛ፣ ገላዋን ትታጠብ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ሄዳ ትምጣ።

የመጨረሻው ጉዳይ የራሳችን ጤና ነው። የስትሮክ ዋነኛ መንስኤ የደም ግፊት መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን። እኔ ግን የእናቴን ግፊት በየቀኑ እየመዘገብኩ፣ የራሴን ለሁለት ዓመት አላስለካሁም። አንዲት ነርስ በግድ ስትለካኝ የላይኛው 170 ነበር። ዛሬ በበሩ በስተቀኝ በፈቃዳቸው የመጡ ነርሶች ተቀምጠዋል። ሳትለኩ እንዳትወጡ አደራ እላለሁ።

ምሳ በ6 ሰዓት ይቀርባል። ቀድማችሁ ወደ ቤት መመለስ ያለባችሁ ለአስተናጋጆቹ ንገሯቸው፤ ተቋጥሮ ይሰጣችኋል፤ የሕመምተኛችሁም ድርሻ አለበት። ጉባኤው ተከፍቷል።